አብርሃም ፍሌክስነር

አብርሃም ፍሌክስነር (እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 13 ቀን 1866 እስከ ሴፕቴምበር 21 ቀን 1959 የኖረ) አሜሪካዊ መምህርና የትምህርት ተመራማሪ ነበር። ስሙ በይበልጥ የሚነሣው በ1910 ታትሞ በወጣውና በተለምዶ የፍሌክስነር ዘገባ እየተባለ በሚጠራው ጥናቱ ነው። በዚህ ጥናት የአሜሪካንና የካናዳን 155 የሕክምና ትምህርት ቤቶች እየዞረ ከመረመረ በኋላ፣ አብዛኞቹ ሐኪም ለማፍራት የማይበቁ መሆናቸውን በየስማቸው እየጠራ አሳወቀ። ፍሌክስነር ራሱ ሐኪም አልነበረም፤ ሕክምናም አልተማረም። ይሁን እንጂ ዛሬ በብዙ አገሮች የሕክምና ተማሪ መጀመሪያ መሠረታዊ ሳይንስን በቤተ ሙከራ ተምሮ ቀጥሎ በሆስፒታል ከሕሙማን አልጋ አጠገብ የሚሠለጥንበት ሥርዓት እንዲጸና የእርሱን ያህል የደከመ ሰው ጥቂት ነው። ያው ዘገባ በሌላ በኩል የጥቁር አሜሪካውያን የሕክምና ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ በማገዙ እስከ ዛሬ ያከራክራል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ፍሌክስነር የተወለደው በኬንታኪ ግዛት በሉዊቪል ከተማ ነው። ወላጆቹ ከአውሮፓ የፈለሱ፣ ጀርመንኛ ተናጋሪ አይሁዶች ሲሆኑ እርሱ ከዘጠኝ ልጆቻቸው ስድስተኛው ነበር። አባቱ የአሜሪካ ኑሮውን የጀመረው ሸቀጥ ተሸክሞ በየገጠሩ በመዞር፣ በእኛ አነጋገር በሱቅ በደረቴነት ነው። ቆይቶ በሉዊቪል የባርኔጣ ነጋዴ ለመሆን በቃ። ነገር ግን በ1873 በአገሪቱ የደረሰው የገንዘብ ቀውስ ንግዱን አጠፋበት፤ ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ በችግር ኖረ፤ ትልልቆቹም ልጆች ገና በጊዜ ወደ ሥራ ገቡ።

አብርሃምን ለትምህርት ያበቃው የቤቱ የበኩር ልጅ ጄኮብ ነው። ጄኮብ በሉዊቪል መድኃኒት ቤት ነበረው። ከዚያ ባጠራቀመው ገንዘብ ታናሽ ወንድሙን በ1884፣ ገና በ17 ዓመቱ፣ በባልቲሞር ወደሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ላከው። ሆፕኪንስ ያኔ ከተከፈተ ስምንት ዓመቱ ነበር። መሥራቹ ፕሬዚዳንት ዳንኤል ኮይት ጊልማን የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎችን አርአያ ተከትሎ ምርምርን የትምህርቱ እምብርት ያደረገበት ተቋም ነው። ፍሌክስነር ገንዘቡ ለብዙ ጊዜ እንደማይበቃው ስለሚያውቅ ትምህርቱን በሁለት ዓመት አጠናቅቆ በ1886 በግሪክኛና በላቲን ተመረቀ። ከሆፕኪንስ የወሰደው አመለካከት ግን ዕድሜ ልኩን አልተለየውም፤ ከዚያ በኋላ ያየውን ትምህርት ቤት ሁሉ የለካው በዚያ መስፈርት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከወንድሞቹ አንዱ ሳይመን ፍሌክስነር ስመ ጥር የበሽታ ተመራማሪ ሆኗል። ተቅማጥና ደም የሚያስከትለው ሺጌላ ፍሌክስነሪ የተባለው ባክቴሪያ የተሰየመው በሳይመን ስም ስለሆነ፣ በላቦራቶሪ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች የቤተሰቡን ስም የሚያውቁት ከአብርሃም ይልቅ በዚህ ነው። ሳይመን በመጀመሪያ የተማረው እዚያው ሉዊቪል ውስጥ ሲሆን በ1889 የሕክምና ዲግሪ ያገኘው ንግግር በማዳመጥ ብቻ ነበር። እውነተኛውን ሥልጠና ያገኘው ከዚያ በኋላ፣ አብርሃም ረድቶት ወደ ሆፕኪንስ ሲሄድ ነው። እንግዲህ አብርሃም ከሃያ ዓመት በኋላ የሚያጋልጠውን ነገር አስቀድሞ በገዛ ቤቱ አይቶታል ማለት ነው።

መምህርነት

ፍሌክስነር ወደ ሉዊቪል ተመልሶ በከተማዋ የወንዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላቲንና ግሪክኛ ማስተማር ጀመረ። በዚያ ሳለ አንድ ክፍል ተማሪ በሙሉ ፈተና በመጣሉ በከተማው ትልቅ ጫጫታ ተነሣ። የትምህርት ቦርዱ ጉዳዩን መርምሮ ከመምህሩ ጎን ቆመ፤ ወጣቱ መምህርም በዚህ ስም አተረፈ።

በ1890 የራሱን የግል ትምህርት ቤት ከፈተ። ተማሪዎቹ በቁጥር ጥቂት፣ በአብዛኛውም የባለጠጎች ልጆች ነበሩ። በትምህርት ቤቱ ፈተና አልነበረም፤ ማርክ አይሰጥም፤ ለወላጅ የሚላክ ሪፖርትም አልነበረም። ፍሌክስነር እያንዳንዱን ልጅ በአቅሙና በፍላጎቱ እየተከተለ ያስተምር ነበር። ከዚህ ትምህርት ቤት የወጡ ልጆች በታላላቅ ኮሌጆች ከእኩዮቻቸው ቀድመው ገብተው ቀድመው ሲጨርሱ የሃርቫርዱ ፕሬዚዳንት ቻርልስ ኤልየት ነገሩን አስተውሎ ስለ ዘዴው ጠየቀው።

በ1898 አን ክሮፎርድን አገባ። አን ጸሐፌ ተውኔት ነበረች፤ በጊዜው ተወዳጅ ከነበረ ልብ ወለድ ያዘጋጀችው ተውኔት በ1904 በኒውዮርክ መድረክ ታላቅ ስኬት አገኘ። የተገኘው ገቢ ባልየው ትምህርት ቤቱን ዘግቶ ዳግመኛ ተማሪ እንዲሆን አስቻለው። ፍሌክስነር በ1905 ወደ ሃርቫርድ፣ ቀጥሎም ወደ በርሊን ሄዶ ሥነ ልቦናና የትምህርት ፍልስፍና አጠና። በ1908 ስለ አሜሪካ ኮሌጆች ያወጣው መጽሐፍ የማስተማሩን ሥራ ለረዳቶች የሚተዉ ፕሮፌሰሮችንና በንግግር ብቻ የሚካሄድን ትምህርት አጥብቆ የሚነቅፍ ነበር። መጽሐፉ ብዙ አንባቢ ባያገኝም የካርኔጊ የማስተማር ማሻሻያ ፋውንዴሽን ፕሬዚዳንት የነበረውን ሄንሪ ፕሪቸትን ዐይን ሳበ።

የዘመኑ የሕክምና ትምህርት

በ19ኛው መቶ ዘመን አሜሪካ የሕክምና ትምህርት በአብዛኛው ንግድ ነበር። ጥቂት ሐኪሞች ተሰባስበው ሕንፃ ይከራዩና ትምህርት ቤት ያቋቁማሉ፤ ከተማሪዎች የሚሰበሰበውን ክፍያ ይከፋፈላሉ። አዳራሽ፣ ወንበርና ጥቁር ሰሌዳ ካለ ሌላ ትልቅ ወጪ አይኖርም። ክፍያውን የቻለ አመልካች፣ ቀደም ያለ ትምህርቱ ምንም ቢሆን፣ ብዙ ጊዜ አይመለስም ነበር። ትምህርቱም ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ስለነበረ አንድም በሽተኛ በእጃቸው ሳይመረምሩ፣ አንዲትም እናት ስትወልድ ሳያዩ የሚመረቁ ሐኪሞች ጥቂት አልነበሩም።

በዚያው ዘመን በአውሮፓ የሕክምና ዕውቀት ከሥሩ እየተለወጠ ነበር። ፓስተር በሽታ በጥቃቅን ሕዋሳት እንደሚመጣ አሳይቷል፤ ኮክ በ1882 የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ አግኝቷል። ማይክሮስኮፕ የማያውቅ፣ ደምና አክታ መመርመር የማይችል ሐኪም እንግዲህ የሕሙማኑን በሽታ በግምት ብቻ ነበር የሚያክመው። በአሜሪካ ለዚህ ለውጥ ሙሉ መልስ የሰጠው በ1893 የተከፈተው የጆንስ ሆፕኪንስ የሕክምና ትምህርት ቤት ነበር። ለመግባት የኮሌጅ ዲግሪ ይጠይቃል፤ ትምህርቱ አራት ዓመት ነው፤ የራሱ ሆስፒታልና ቤተ ሙከራዎች አሉት። ሴቶችንም ከወንዶች እኩል ይቀበል ነበር፤ ይህ የሆነው ትምህርት ቤቱን ለማስከፈት ገንዘብ ያሰባሰቡት የባልቲሞር ሴቶች፣ በተለይም ሜሪ ጋሬት፣ ይህንኑ ቅድመ ሁኔታ ስላደረጉት ነው።

የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር በ1904 የሕክምና ትምህርት ምክር ቤት አቋቁሞ ትምህርት ቤቶቹን ማስጎብኘትና በደረጃ መመደብ ጀምሮ ነበር። ሆኖም ሐኪም የሙያ ባልደረባውን በአደባባይ አይነቅፍም በሚለው የሙያ ሥነ ምግባር ምክንያት ውጤቱን በስም እየጠቀሰ ሊያወጣው አልደፈረም። ስለዚህ ከሙያው ውጪ የሆነ ገለልተኛ አካል እንዲያጠናው ካርኔጊ ፋውንዴሽንን ጠየቀ። ፕሪቸትም ሥራውን ለፍሌክስነር ለመስጠት አሰበ።

ሐሳቡ ሲቀርብለት ፍሌክስነር ፕሪቸት ሰው የተሳሳተ መስሎት ነበር። በዚያ ጊዜ በኒውዮርክ የሮክፌለር የሕክምና ምርምር ተቋም ዳይሬክተር የነበረው ወንድሙ ሳይመን ስለነበረ የተፈለገው እርሱ ይሆናል ብሎ አሰበ። ፕሪቸት ግን የሚፈልገው ሐኪም እንዳልሆነ፣ ጉዳዩ የትምህርት ጉዳይ ስለሆነ ትምህርትን የሚያውቅ ሰው እንደሚሻ ነገረው።

155 ትምህርት ቤቶች

ፍሌክስነር ሥራውን የጀመረው በንባብ ነው። ስለ ሕክምና ትምህርት የተጻፈውን፣ በተለይም የቪየናው ቀዶ ሐኪም ቴዎዶር ቢልሮት በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ላይ የጻፈውን፣ አነበበ። የሐኪሞች ማኅበሩ የሰበሰባቸውን ሪፖርቶችም ተመለከተ። ከዚያ ወደ ሆፕኪንስ ሄዶ ከዊልያም ዌልችና ከሌሎች ፕሮፌሰሮች ጋር እየተወያየ ጥሩ የሕክምና ትምህርት ቤት ምን ሊያሟላ እንደሚገባ አጠና። በ1909 መጀመሪያ ጉዞውን ሲጀምር የሚያነጻጽርበት አርአያ በአእምሮው ተቀርጾ ነበር።

በየትምህርት ቤቱ አምስት ነገሮችን ይጠይቃል። ተማሪ ለመግባት ምን ያህል የተማረ መሆን አለበት? ይህስ መመሪያ በሥራ ላይ ይውላል? የመምህራኑ ብዛትና የሥልጠና ደረጃቸው ምን ያህል ነው? ትምህርት ቤቱ የሚተዳደረው በምን ገንዘብ ነው? የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትምህርት የሚሰጥባቸው ቤተ ሙከራዎች እንዴት ያሉ ናቸው? በመጨረሻም ትምህርት ቤቱ ከሆስፒታል ጋር ምን ግንኙነት አለው፤ ተማሪውስ በሽተኛ ያገኛል ወይ? ከአንድ ትምህርት ቤት የጥቂት ሰዓታት ቆይታ ለዚህ ሁሉ እንዴት ይበቃል የሚል ጥያቄ በኋላ ከተቺዎቹ ተነሥቷል። ፍሌክስነር ግን ላቦራቶሪ ካለ በዐይን ይታያል፣ ከሌለም አለመኖሩ በዐይን ይታያል ባይ ነበር። የመግቢያ መስፈርቱን ለማወቅም በመጽሔታቸው የታተመውን ትቶ በመዝገብ ቤት የተቀመጡትን የተማሪዎች ማስረጃዎች ይመለከት ነበር።

በዚህ መንገድ ያየው አስደናቂ ነው። በአንድ የምዕራብ ከተማ ትምህርት ቤት የፊዚዮሎጂ ቤተ ሙከራ እንዳላቸው ዲኑን ሲጠይቀው፣ ዲኑ እንዳላቸው ተናግሮ ወደ ፎቅ ወጣና አንዲት አነስተኛ የደም ሥር ትርታ መመዝገቢያ መሣሪያ ይዞ ወረደ። ቤተ ሙከራው እርሷ ነበረች። በአይዋ ግዛት በዴሞይን ባለ አንድ ትምህርት ቤት ደግሞ በሮቹ ላይ አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ፓቶሎጂ እያለ የሚያስታውቅ ጽሑፍ ተለጥፏል፤ በሮቹ ግን ተቆልፈዋል፤ ዲኑ ቁልፉን የያዘው ሠራተኛ እንደሌለ ነገረው። ፍሌክስነር ዲኑ ወደ ባቡር ጣቢያ ከሸኘው በኋላ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለሰ። ሠራተኛውንም አግኝቶ አምስት ዶላር ሰጠውና በሮቹን አስከፈተ። በየክፍሉ ያገኘው ጠረጴዛ፣ ወንበሮችና ጥቁር ሰሌዳ ብቻ ነበር።

እንዲህ ያሉ ተቋማት በራቸውን ለመርማሪ የከፈቱበት ምክንያት ሊያስገርም ይችላል። ካርኔጊ የሚለው ስም በጊዜው ከገንዘብ ጋር የተያያዘ ስለነበረ ብዙ ዲኖች ከጉብኝቱ በኋላ እርዳታ ይመጣል ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። ስለዚህም ድክመታቸውን ራሳቸው እየዘረዘሩ ይነግሩት ነበር።

ዘገባው

ጥናቱ በ1910 በካርኔጊ ፋውንዴሽን አራተኛ ቡሌቲን ሆኖ ታተመ። የመጀመሪያው ክፍል ስለ ሕክምና ትምህርት ታሪክና ሥርዓት ያትታል። ሁለተኛው ክፍል እያንዳንዱን ትምህርት ቤት ከነስሙ፣ ከነከተማው፣ ከነገቢውና ከነጉድለቱ ያቀርባል። አንባቢን ያስደነገጠው ይህ ሁለተኛው ክፍል ነበር።

ከ155ቱ ትምህርት ቤቶች ለመግባት ሁለት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ የኮሌጅ ትምህርት የሚጠይቁት 16 ብቻ ሆነው ተገኙ። ወደ 50 የሚሆኑት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወይም ተመጣጣኙን ይጠይቃሉ፤ ተመጣጣኝ የሚለው ቃል ግን ለብዙ ማጭበርበር በር የሚከፍት ነበር። የቀሩት ከዚያም በታች ናቸው። አሥራ አራት የሕክምና ትምህርት ቤቶች የነበሩባት ቺካጎ በዘገባው ከሁሉ የከፋ ነቀፋ ደረሰባት። በካናዳ በኩል የማክጊልና የቶሮንቶ ትምህርት ቤቶች ሲመሰገኑ ሌሎች ተነቅፈዋል።

ፍሌክስነር በዘገባው ያነሣው ዋና ነጥብ የሐኪም ብዛት ጥራትን አይተካም የሚል ነው። በአሜሪካ ለ568 ሰዎች አንድ ሐኪም ሲኖር በጀርመን አንድ ሐኪም ለ2000 ያህል ሰዎች እንደሚደርስ አስልቶ፣ አገሪቱ የሚያስፈልጋት ያነሰ ቁጥር ያለው፣ የተሻለ የሠለጠነ ሐኪም ነው አለ። በዚህም መሠረት ትምህርት ቤቶቹ ወደ 31 ዝቅ እንዲሉ፣ የቀሩትም በዩኒቨርሲቲ ሥር እንዲሆኑ፣ ተማሪ ከመግባቱ በፊት ቢያንስ ሁለት ዓመት የኮሌጅ ሳይንስ እንዲማር፣ ሁለት ዓመት በቤተ ሙከራ፣ ሁለት ዓመት በሆስፒታል እንዲሠለጥን ሐሳብ አቀረበ። ሆሚዮፓቲንና ኦስቲዮፓቲን የመሰሉ ወገኖችም የራሳቸውን ትምህርት ከማስተማራቸው በፊት ተማሪያቸው እንደማንኛውም ሐኪም ሳይንሱን መማር አለበት አለ።

ቁጣው ወዲያው መጣ። ክስ እናቀርባለን የሚሉ ተነሡ፤ በቺካጎ ቢታይ እንደሚገደል የሚያስጠነቅቅ ስም የለሽ ደብዳቤም ደረሰው። ፍሌክስነር ግን ወደ ቺካጎ ሄዶ ንግግሩን አድርጎ በሰላም ተመለሰ።

ከዘገባው በኋላ ትምህርት ቤቶች ተከታትለው ተዘጉ ወይም ተዋሐዱ። በ1904 በአሜሪካ 160 የነበሩት በ1920 ወደ 85፣ በ1935 ወደ 66 ወረዱ። ይህን ሁሉ የፍሌክስነር ሥራ ማድረግ ግን ልክ አይሆንም። የሐኪሞች ማኅበሩ ምደባ፣ የየግዛቱ የሙያ ፈቃድ ሰጪ ቦርዶች መጠንከርና የቤተ ሙከራ ወጪ መናር ብዙዎቹን አስቀድሞ አዳክሟቸው ነበር። ዘገባው በጅምር ያገኘውን ለውጥ አፋጠነ፤ ከሁሉም በላይ ግን ሕዝቡ ጉዳዩን እንዲያውቀው አደረገ።

የጥቁር አሜሪካውያንና የሴቶች ትምህርት ቤቶች

በ1910 የጥቁር አሜሪካውያን የሕክምና ትምህርት ቤቶች ሰባት ነበሩ። በደቡቡ ክፍል ያሉት የነጮች ትምህርት ቤቶች ጥቁር ተማሪ ስለማይቀበሉ፣ በሰሜንም የሚገቡት በጣት የሚቆጠሩ ስለነበሩ፣ የጥቁር ሐኪም ዋና መፍለቂያ እነዚህ ሰባቱ ነበሩ። ፍሌክስነር ስለዚህ ጉዳይ የጻፈው ምዕራፍ ከሁለት ገጽ ብዙም አይበልጥም። በዚያም በዋሽንግተን ያለው ሃዋርድና በናሽቪል ያለው ሜሃሪ ብቻ እንዲቆዩና እንዲጠናከሩ፣ አምስቱ እንዲቀሩ መከረ። እነዚያም አምስቱ አንድ በአንድ ተዘጉ፤ የመጨረሻው፣ በሜምፊስ የነበረው፣ በ1923 ነው የተዘጋው።

የምዕራፉ አስተሳሰብ ከምክሩ ይልቅ ያሳዝናል። ፍሌክስነር ጥቁር ሐኪም የሚያክመው የራሱን ወገን ብቻ እንደሚሆን እንደ ተፈጥሯዊ ነገር ወሰደው፤ ሥልጠናውም ከቀዶ ሕክምና ይልቅ ወደ ንጽሕና አጠባበቅ እንዲያዘነብል ፈለገ። የጥቁር ሕዝብ ጤና መጠበቅ ካለበት ምክንያቶች አንዱ አድርጎ ያቀረበውም የመንጠቆ ትልና የሳንባ ነቀርሳ ወደ ነጭ ጎረቤቶች እንዳይተላለፍ የሚል ነበር። በነጮች ትምህርት ቤቶች ላይ ያን ያህል ስለታም የነበረው ዐይኑ ጥቁር ተማሪዎችን በየዩኒቨርሲቲው ደጃፍ የሚመልሰውን ሕግና ልማድ አላየውም፤ ወይም አይቶ አለፈው።

የተዘጉት ትምህርት ቤቶች በእርግጥም ድሆች ነበሩ፤ ቤተ ሙከራቸው ደካማ፣ ሆስፒታላቸውም አነስተኛ ነበር። ድህነታቸው ግን የተመራቂዎቻቸውን ፍላጎት አያጠፋውም። ተመራማሪዎች በ2020 ባሳተሙት ጥናት እነዚህ ትምህርት ቤቶች ሳይዘጉ ቢቀጥሉ ኖሮ በአንድ መቶ ዓመት ገደማ ከ35 ሺህ በላይ ተጨማሪ ሐኪሞች ሊያስመርቁ ይችሉ እንደነበር ገምተዋል። ለአሥርት ዓመታት በአሜሪካ ከሚመረቁት ጥቁር ሐኪሞች አብዛኞቹ የሚወጡት ከሃዋርድና ከሜሃሪ ብቻ ነበር።

ፍሌክስነር ቆይቶ ለሁለቱ ትምህርት ቤቶች ገንዘብ እንዲገኝ ረድቷል፤ ከ1932 እስከ 1935 የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የባለአደራዎች ቦርድ ሰብሳቢም ነበር። በኢትዮጵያ ታሪክ የሚታወቀው ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና ይማር የነበረው በዚያው ጊዜ በዚያው በሃዋርድ ነው። መላኩ በ1930ዎቹ አጋማሽ ተመርቆ ጣሊያን ኢትዮጵያን ሲወርር ለአገሩ አገልግሎት ተመለሰ፤ በኋላም በኒውዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን መሠረተ።

ለሴቶችም ለውጡ ከባድ ሆነ። ፍሌክስነር ሴቶች ከወንዶች ጋር በአንድ ትምህርት ቤት መማራቸውን የሚደግፍ ሰው ነበር። ይሁን እንጂ በ1910 ከነበሩት ሦስት የሴቶች የሕክምና ትምህርት ቤቶች በኋላ የቀረው የፊላደልፊያው ብቻ ነው፤ የተቀላቀሉት ትምህርት ቤቶችም ለረጅም ጊዜ የሚቀበሉት ሴት ጥቂት ነበር። ከዚህ በተጨማሪ ሁለት ዓመት ኮሌጅና አራት ዓመት ሕክምና ለመክፈል የሚችለው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ቀን እየሠራ ማታ ይማር የነበረ የድሃ ልጅ ከዚያ ወዲያ ሐኪም የመሆን ዕድሉ ጠበበ። በገጠር ከተሞችም ያረጁ ሐኪሞችን የሚተካ መጥፋት ጀመረ።

በሮክፌለር ገንዘብ

ፍሌክስነር ቀጥሎ በአውሮፓ ያለውን የሕክምና ትምህርት አጥንቶ በ1912 ሁለተኛ ዘገባ አወጣ። በመካከሉ የሮክፌለር የበጎ አድራጎት ገንዘብ የሚያከፋፍለውን የጠቅላላ ትምህርት ቦርድ ተቀላቀለ፤ እስከ 1928 በዚያ ሠራ። በዘገባው በቃል የተናገረውን በዚህ ዘመን በገንዘብ ፈጸመው ማለት ይቻላል።

ትልቁ ትግሉ የክሊኒክ ፕሮፌሰሮች ሙሉ ጊዜያቸውን ለማስተማርና ለምርምር እንዲሰጡ ማድረግ ነበር። እስከዚያ ድረስ የውስጥ ደዌ ወይም የቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰር ከግል ሕሙማኑ ብዙ ገንዘብ እያገኘ ለተማሪ የሚተርፈውን ሰዓት ነበር የሚሰጠው። ቦርዱ በ1913 ለሆፕኪንስ አንድ ሚሊዮን ተኩል ዶላር ሲሰጥ ፕሮፌሰሮቹ በደመወዝ ብቻ እንዲኖሩ አስገደደ። ሐሳቡን አጥብቀው ከተቃወሙት መካከል የሆፕኪንስን የሆስፒታል ሥልጠና የመሠረተውና በዚያ ጊዜ በኦክስፎርድ የነበረው ታላቁ ሐኪም ዊልያም ኦስለር ይገኝበታል። ኦስለር የፈራው ፕሮፌሰሩ ከሕሙማን ይርቃል፣ ተማሪውም በሽታን እንጂ በሽተኛውን የማያውቅ መምህር ይገጥመዋል ብሎ ነው። በዚህ ክርክር ፍሌክስነር በገንዘብ አሸነፈ፤ የኦስለር ሥጋት ግን ዛሬም በየሕክምና ፋኩልቲው ይነሣል።

ቫንደርቢልትን፣ ዬልንና ሌሎችንም ዩኒቨርሲቲዎች የጠቀመ በአሥርት ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር በዚህ ቦርድ በኩል አልፏል። በሮቼስተር ከተማ አዲስ የሕክምና ትምህርት ቤት እንዲቋቋም ፍሌክስነር የኮዳክ ካሜራ ባለቤት ጆርጅ ኢስትማንን አሳምኖ አምስት ሚሊዮን ዶላር አስወጣው፤ ቦርዱም ያንኑ ያህል ጨመረ።

ራሱ ፍሌክስነር በሥራው ውጤት ሙሉ በሙሉ አልረካም። በ1925 ባሳተመው የንጽጽር ጥናት የአሜሪካ የሕክምና ሥርዓተ ትምህርት ግትር እየሆነ መሄዱን፣ ተማሪው በትምህርት ብዛት ታጥሮ ለማሰብ ጊዜ ማጣቱን፣ ሳይንሳዊው ሕክምናም የባህልና የፍልስፍና መሠረት እንደጎደለው ጽፏል።

የምርምር ተቋሙና የመጨረሻ ዓመታት

በ1930 የኒውጀርሲ ባለጠጎች ሉዊስ ባምበርገርና እኅቱ ካሮላይን ፉልድ በኒውዋርክ የሕክምና ትምህርት ቤት ለማቋቋም አስበው ምክር ጠየቁት። ፍሌክስነር ሌላ ሐሳብ አቀረበላቸው፤ ሊቃውንት ያለ ተማሪ ጫናና ያለ ፈተና ምርምር ብቻ የሚያደርጉበት ተቋም። በፕሪንስተን የተቋቋመው የከፍተኛ ጥናት ተቋም የዚህ ውጤት ነው። ፍሌክስነር የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኖ ከናዚ ጀርመን የሸሹ ሊቃውንትን አሰባሰበ፤ ከእነርሱም አንዱ በ1933 የመጣው አልበርት አይንስታይን ነው። ሁለቱ ግን አልተስማሙም። ፍሌክስነር ለአይንስታይን የሚመጡ ደብዳቤዎችን እየከፈተ፣ የፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን የዋይት ሐውስ ግብዣ እንኳን ሳያማክረው በመመለሱ አይንስታይን አጥብቆ ተቆጣ። ከሌሎች ሊቃውንት ጋር የነበረው ግንኙነትም እየሻከረ ሄዶ በ1939 ከዳይሬክተርነቱ ለቀቀ።

በጡረታ ዘመኑ የሕይወት ታሪኩንና የጊልማንን ታሪክ ጻፈ። በ92 ዓመቱ በቨርጂንያ ግዛት በፎልስ ቸርች ዐርፎ በትውልድ ከተማው በሉዊቪል ተቀበረ።

ከዘገባው በኋላ

የፍሌክስነር ዘዴ፣ ማለትም ትምህርት ቤቶችን ሄዶ አይቶ በአንድ መስፈርት መመዘን፣ ከሐኪሞች ሥልጠና አልፎ ወደ ሌሎች የጤና ሙያዎች ተሸጋገረ። በ1923 የጆሴፊን ጎልድማርክ ዘገባ በነርሶች ትምህርት ላይ፣ በ1926 ደግሞ የዊልያም ጊስ ዘገባ በጥርስ ሕክምና ትምህርት ላይ ወጡ። የጊስን ዘገባ ያሳተመው ያው ካርኔጊ ፋውንዴሽን ነበር።

በኢትዮጵያ የሕክምና ተማሪዎች በተለምዶ ፕሪ-ክሊኒካልና ክሊኒካል የሚሏቸው ሁለት የትምህርት ክፍሎች የዚሁ አደረጃጀት ልጆች ናቸው። በ1964 በአዲስ አበባ የተከፈተው የሕክምና ፋኩልቲም በዚህ መንገድ ሄዷል። ከእርሱ አሥር ዓመት ቀድሞ በ1954 የተመሠረተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ግን ሌላ መልስ ነበረው፤ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድነት አሠልጥኖ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። ጥቂትና እጅግ የሠለጠነ ሐኪም ይሻላል የሚለው የፍሌክስነር ስሌት፣ ሐኪም ጨርሶ በማይገኝበት አገር እንደማይሠራ የጎንደር መሥራቾች ተረድተውት ነበር።

የዘገባው መቶኛ ዓመት በ2010 ሲታሰብ በዓለም ዙሪያ የጤና ባለሙያዎችን ሥልጠና የሚመረምሩ አዳዲስ ጥናቶች ታትመዋል። ከአሥር ዓመት በኋላ በ2020 የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር በሕክምና ትምህርት ለላቀ አገልግሎት ከሚሰጠው ከፍተኛ ሽልማቱ ላይ የፍሌክስነርን ስም አነሣ፤ ምክንያቱ ስለ ጥቁር አሜሪካውያንና ስለ ሴቶች የያዘው አቋም ነው።

ቤተሰብ

ፍሌክስነርና አን ክሮፎርድ ጂንና ኤሊነር የተባሉ ሁለት ሴቶች ልጆች ነበሯቸው። ኤሊነር ፍሌክስነር የታሪክ ጸሐፊ ሆነች፤ የአሜሪካ ሴቶች ለመብታቸው ያደረጉትን ትግል የሚተርከው ዋና መጽሐፏ የታተመው አባቷ ባረፈበት ዓመት በ1959 ነው።